ጥቂት ጨረራና የጥንቃቄ ወሰን

ወሰን ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ተፈጥሮ ያኖረችው ነው፤ ሜዳው አብቅቶ ገደሉ የሚጀምርበትን ስፍራ ማንም ሰው መክሮ አላኖረውም፤ ማንም ሰው መክሮም ሊያነሣው አይችልም። ሁለተኛው ሰዎች ያኖሩት ነው፤ በሁለት ገበሬዎች እርሻ መካከል የተተከለው የድንበር ድንጋይ ከዚህ ወገን ይቈጠራል። አፈሩ ከድንጋዩ ወዲህም ወዲያም አንድ ነው፤ ድንጋዩ እዚያ የቆመው ሽማግሎች ነገሩን አይተው ስለ ፈረዱ ነው። ይህን ሁለተኛውን ወሰን እንደ ገደል አፋፍ አድርጎ የሚፈራው ሰው ይሳሳታል። ሰው ያኖረው ነውና እንደ ወደድሁ ላዛውረው የሚልም ሰው ከዚያ ባላነሰ ይሳሳታል፤ ድንበር የሚገፋ ሰው የሚነካው ድንጋዩን ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱን ነውና።

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ስለ ጨረራ የተደነገገውን ወሰን ነው፤ ይኸውም ማንኛውም ሰው በሥራው ወይም በመኖሪያው ከዚህ በላይ እንዳይደርስበት ተብሎ በየአገሩ ሕግ የተጻፈው መጠን ነው። ነገሩ ለሐኪሞችና ለፊዚክስ ሊቃውንት ብቻ የሚተው ይመስላል። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቈጣጠር በሜይ ወር 2025 (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የአገራቸው የኑክሌር ተቈጣጣሪ ኮሚሽን ለብዙ ዓመታት የሠራበትን የጥንቃቄ መሠረት እንደገና እንዲመረምር፥ አዲሱንም ደንብ በ18 ወር ውስጥ እንዲፈጽም በጽሑፍ አዘዙ። የትእዛዙ ዓላማም በ2024 ወደ 100 ጊጋዋት ገደማ የነበረው የአገሪቱ የኑክሌር ኃይል በ2050 ወደ 400 ጊጋዋት እንዲያድግ መንገዱን መጥረግ መሆኑ በዚያው ተገልጿል። እንግዲህ ጥያቄው የላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። እርግጠኛ ዕውቀት በሌለበት ስፍራ፥ በሌላው ሰው አካል ላይ የሚወድቀውን አደጋ የሚወስን ባለ ሥልጣን እንዴት ሊፈርድ ይገባዋል? እኛ የምንጠይቀው ይህን ነው።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ጠባይ ጥቂት እንናገር። እዚህ ላይ ጨረራ የምንለው እንደ ራጅ ያለውን፥ በአካል ውስጥ ሲያልፍ ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮን ነጥቆ የሚያወጣውን ብርቱ ጨረር ነው። ይህ ኃይል በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለውን፥ የዘር ውርስ የተጻፈበትን ረቂቅ ክር ሊበጥሰው ይችላል። ሕዋሱም የተበጠሰውን ይቀጥላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ደኅና አድርጎ፥ አንዳንድ ጊዜ ግን አሳስቶ ይቀጥላል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊነሣ የሚችለው ከእንዲህ ያለው ስሕተት ነው። ደግሞም ጨረራ የሰው ጥበብ ብቻ ያመጣው ነገር አይደለም፤ ከምድር ዐለት፥ ከሰማይ፥ ከምንተነፍሰው አየርና ከምንበላው ምግብም ይመጣል። መስፈሪያው ሲቨርት ሲባል የሲቨርት አንድ ሺኛ ሚሊ ሲቨርት ይባላል። በዓለም ላይ አንድ ሰው ከተፈጥሮ ብቻ የሚደርስበት መካከለኛ መጠን በዓመት 2.4 ሚሊ ሲቨርት ያህል ነው። በከፍተኛ ስፍራ ከሰማይ የሚመጣው ስለሚበዛ የአዲስ አበባ ሰው በዚህ በኩል የሚደርስበት መጠን ከጅቡቲ ሰው ይበልጣል።

ብዙ ጨረራ እንደሚገድል የሚከራከር የለም። በአንድ ጊዜ 4 ሲቨርት ያህል፥ ማለት 4,000 ሚሊ ሲቨርት፥ በመላ አካላቸው ከደረሰባቸውና ሕክምና ካላገኙ ሰዎች እኩሌቶቹ ያህል ይሞታሉ። ክርክሩ ያለው በታችኛው ወገን ነው፤ ከ100 ሚሊ ሲቨርት በታች በሆነው በጥቂቱ ጨረራ ላይ ነው።

የወሰኑ ታሪክ ራሱ ብዙ ያስተምራል። ቪልሄልም ሮንትገን በ1895 ራጅን ባገኘ ጊዜ ዓለም ሁሉ ተደነቀ፤ የገዛ አጥንቱን ሥዕል ለማየት የማይጓጓ ሰው አልነበረም። ብዙ ሳይቈይ ግን በመሣሪያው የሚሠሩ ሰዎች እጃቸው ይቃጠል፥ ቁስሉም አልድን ይል ጀመር። ከ1917 ጀምሮ በአሜሪካ በኒው ጀርሲ፥ በጨለማ የሚያበራ የሰዓት ገጽ በራዲየም ቀለም የሚቀቡ ወጣት ሴቶች የቡርሹን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ይሠሩ ነበር፤ ቀለሙ እንደማይጎዳቸውም ተነግሯቸው ነበር። ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የብዙዎቹ መንጋጋ ይበሰብስ፥ አጥንታቸውም ይሰበር ጀመር። ከእነርሱ አምስቱ በፍርድ ቤት ከሰው በ1928 በዕርቅ ካሣ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በስቶክሆልም የተሰበሰቡ የጨረራ ሕክምና ሊቃውንት፥ ዛሬ ዓለም አቀፍ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን የሚባለውን ጉባኤ አቋቋሙ።

ይህ ጉባኤ በ1934 ለሠራተኛ በቀን 0.2 ሮንትገን ፈቀደ፤ በዛሬው መስፈሪያ ሲመለስ በዓመት 500 ሚሊ ሲቨርት ገደማ ነው። ያን ጊዜ የነበረው ሐሳብ አካል ሊታገሠው የሚችል መጠን አለ፥ ከዚያ በታች ጉዳት የለም የሚል ነበር። ነገር ግን ሄርማን ሙለር ራጅ የፍራፍሬ ዝንብን ዘር እንደሚለውጥ በ1927 ገልጾ ስለ ነበር፥ ትንሹም መጠን ያለ ዋጋ አያልፍ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ሄደ። ስለዚህ የሠራተኛው ወሰን በ1958 ወደ 50 ሚሊ ሲቨርት፥ በ1990 ደግሞ የአምስት ዓመት አማካይ ተይዞ ወደ 20 ወረደ፤ ለሠራተኛ ላልሆነው ሕዝብም በዓመት 1 ሚሊ ሲቨርት ተወሰነ። አሜሪካ የሕዝቡን ወሰን በ1 ስታደርግ የሠራተኛውን ግን በ50 አቈይታ ነበር። ልብ እንበል፤ በ56 ዓመታት ውስጥ ወሰኑ ወደ ሃያ አምስተኛ እጅ ዝቅ ብሏል። እንግዲህ ወሰኑን እንደገና ማሰብ አዲስ ኃጢአት አይደለም፤ የጥንቃቄው ሥራ ራሱ በማሰላሰል የኖረ ሥራ ነው። ነገር ግን እስከ ዛሬ ወሰኑን ያወረደው ከጥናት የተገኘ ማስረጃ መሆኑን መርሳት አይገባም።

አሁን ወደ ነገሩ ቋጠሮ እንምጣ። ጥቂት ጨረራ ካንሰር ማምጣት አለማምጣቱን ለመለየት ለምን ይህን ያህል ያስቸግራል? ዋናው የዕውቀት ምንጭ በሂሮሺማና በናጋሳኪ የደረሰው መከራ ነው። በነሐሴ 1945 ከተጣሉት ሁለት ቦምቦች ከተረፉት ሰዎች 94,000 ያህሉ፥ በዚያን ጊዜ በከተሞቹ ካልነበሩ 26,000 ያህል ሰዎች ጋራ ከ1950 ጀምሮ ሕይወታቸው እስኪያልፍ ድረስ ሲከታተሏቸው ኖረዋል። የደረሰባቸው መጠን በበዛ ቍጥር ካንሰሩ እንደሚበዛ በግልጥ ታይቷል። ወደ ታች ሲወረድ ግን ምልክቱ እየደበዘዘ ይሄዳል። ምክንያቱም ካንሰር ያለ ጨረራም የበዛ በሽታ መሆኑ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ ጉባኤ በ2006 እንደ ገመተው፥ ከ100 አሜሪካውያን 42ቱ በዕድሜያቸው ዘመን በሌላ ምክንያት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ ለእያንዳንዳቸው 100 ሚሊ ሲቨርት ቢጨመርባቸው አንድ ሰው ይታከላል። በሽታው ማን እንዳመጣው የሚናገር ማኅተም የለበትም፤ ሐኪሙ ታማሚውን አይቶ አንተ ከ42ቱ ነህ፥ አንተ ግን የተጨመርኸው ነህ ሊል አይችልም። መጠኑ ከመቶው ወደ አሥር፥ ከአሥርም ወደ አንድ ሲወርድ ያን ጥቂት ጭማሪ ለማየት እጅግ ብዙ ሰው፥ እጅግም ብዙ ዓመት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ዕውቀት በማይደርስበት ስፍራ ሦስት ሐሳቦች ተነሥተዋል። አንደኛው ከላይ የታየውን ግንኙነት በቀጥተኛ መሥመር እስከ ባዶ ድረስ ይስበዋል፤ በዚህ ሐሳብ መጠኑ ቢያንስ አደጋውም ያንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ሁለተኛው ደፍ አለ ይላል፤ ከደፉ በታች ሕዋሱ የተበጠሰውን ሁሉ ስለሚቀጥል ጉዳት የለም ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ጥቂት ጨረራ አካልን ያበረታል እስከ ማለት ይደርሳል። የፈረንሳይ የሳይንስና የሕክምና አካዳሚዎች በ2005 ባወጡት የጋራ ጽሑፍ፥ በጥቂት መጠን ላይ በቀጥተኛው መሥመር መመራት ተገቢ መሆኑን አጥብቀው ተጠራጠሩ። በዓመቱ የአሜሪካው አካዳሚ መሥመሩን አጸና። ሁለቱም በብዙው ያዩት ማስረጃ አንድ ነበር፤ የተለያዩት ማስረጃው ዝም በሚልበት ስፍራ ነው።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ጥናት መሥመሩን የሚጥል አልሆነም። በፈረንሳይ፥ በእንግሊዝና በአሜሪካ በኑክሌር ሥራ ላይ የቈዩ ከ300,000 በላይ ሠራተኞች ተመርምረው በ2023 የወጣው ውጤት፥ በየጊዜው በጥቂት በጥቂቱ የተጠራቀመ ጨረራም ከካንሰር ሞት ጋራ ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። በዚያው ዓመት በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች ሲቲ ስካን የተነሡ ወደ 950,000 የሚጠጉ ልጆችና ወጣቶች ተጠንተው፥ ከ10,000 ልጆች አንዱ ወይም ሁለቱ በሚቀጥሉት 12 ዓመታት ከዚሁ የተነሣ የደም ካንሰር ሊይዛቸው እንደሚችል ተገምቷል። በሌላ ወገን ደግሞ በሕንድ በኬረላ ጠረፍ አሸዋው ቶሪየም ስላለበት ሕዝቡ ከሌላው ዓለም የበለጠ የተፈጥሮ ጨረራ እየደረሰበት ይኖራል፤ ሆኖም በ2009 የወጣው ጥናት በዚያ የካንሰር ብዛት አላገኘም። አንባቢ ከነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ቢሄድ ከሁለት አንዱ ወገን ጋራ ፈጥኖ ይቆማል፤ ሁሉንም ይዞ የሚሄድ ግን ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

ወሰኑ ይላላ የሚሉትን ሰዎች በቀና ልቡና እንስማቸው፤ የሚናገሩት ሁሉ የገንዘብ ወዳጆች ንግግር አይደለምና። ትልቁ ማስረጃቸው ፉኩሺማ ነው። በማርች 11 ቀን 2011 በጃፓን የምድር መናወጥና የባሕር ማዕበል ደርሶ የኑክሌር ጣቢያው በተበላሸ ጊዜ፥ ከ150,000 በላይ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ወጡ። ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መኖሪያ የተነሡ አልጋ የያዙ በሽተኞች ያለ በቂ አስታማሚ በአውቶቡስ ተጭነው ብዙ ሰዓት ሲንከራተቱ በመንገድና በመጠለያ ሞቱ። ከአደጋው በኋላ በመፈናቀል ድካም፥ በሕክምና ማጣትና በኀዘን እንደ ሞቱ በፉኩሺማ አውራጃ የተመሰከረላቸው ሰዎች ከ2,300 ይበልጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የጨረራ ሳይንስ ኮሚቴ ግን በ2021 ባወጣው መግለጫ፥ በአውራጃው ነዋሪዎች ላይ በቀጥታ ከጨረራው የመጣ ነው ሊባል የሚችል የጤና ጉዳት አለመመዝገቡን ተናገረ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጣቢያው እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያውቅ ስላልነበረ መሸሹ ሁሉ ስሕተት ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሽማግሌውን ከአልጋው አንሥቶ በብርድ ከማንከራተትና ለጥቂት ቀን በቤት ውስጥ ከመጠበቅ የትኛው ይሻላል ብሎ የመዘነ ባለ ሥልጣን እጅግ ጥቂት ነበር።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ፍርሀትም ሰው ይገድላል፤ የሚገድላቸው ሰዎች ግን በጨረራ መዝገብ ስለማይጻፉ ብዙ ጊዜ አይቈጠሩም። በአገራችን በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ የዓለም የጤና ድርጅት የመከረው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ወሰኑ ታለፈ ብሎ ጕድጓዱን የሚዘጋ ሹም፥ ሕዝቡ ነገ ከየት እንደሚጠጣ ካላሰበ፥ ከጥርስና ከአጥንት ጉዳት አድናለሁ ሲል ለተቅማጥ በሽታ አሳልፎ ሊሰጠው ይችላል። ጥንቃቄ የሚባለው ሁለቱን አደጋ በአንድ ሚዛን ላይ ማኖር እንጂ አንዱን ብቻ አጒልቶ ማየት አይደለም።

ወሰኑ ይጠበቅ የሚሉትም ወገኖች የሚያቀርቡት ነገር ቀላል አይደለም። በእንግሊዝ አገር ወይዘሮ አሊስ ስቱዋርት የተባሉ ሐኪም በ1956ና በ1958 ባወጡት ጥናት፥ በእርግዝና ጊዜ ማኅፀናቸው በራጅ የተነሣ እናቶች ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ በካንሰር እንደሚሞቱ አመለከቱ። መጠኑ ጥቂት ነበር፤ ሥራውም የተለመደ፥ ለእናቲቱ ደኅንነት ተብሎ የሚደረግ ነበር። ስለዚህ ብዙ ሐኪሞች ለዓመታት አላመኗቸውም። በመጨረሻ ግን ልማዱ ተተወ። ከዚህ የምንማረው ጉዳት አልታየም ማለትና ጉዳት የለም ማለት ሁለት ነገር መሆኑን ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል በእንዲህ ያለው ስፍራ ይሠራል፤ ልጁ በማኅፀን ሳለ ፈቃዱን የሚጠይቀው የለምና፥ ስለ እርሱ የሚጠነቀቅለት ሌላ ሰው ሊሆን ይገባል።

እንግዲህ ፍርዱ ወዴት ይሂድ? እኛ እንደሚመስለን በዚህ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የከፋው ስሕተት አለማወቅን የገዛ ወገን ምስክር አድርጎ መጥራት ነው። አንዱ፥ ጉዳቱ እርግጠኛ ስላልሆነ ልፈቅድ እችላለሁ ይላል፤ ሁለተኛው፥ ደኅንነቱ እርግጠኛ ስላልሆነ መከልከል አለብኝ ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንዱ ጨለማ ነው። አለማወቅ ግን ለማንም አይመሰክርም። የሚያመለክተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዕውቀት ሥራ እዚህ ላይ ቆሟል፥ ከዚህ በኋላ ያለው የፍርድ ሥራ ነው። ሊቁ መጠኑንና የግምቱን ስፋት ይነግረናል፤ ምን ያህሉን አደጋ መሸከም ተገቢ እንደ ሆነ ግን መሣሪያው ሊለካለት አይችልም። ይህን የሚወስን ሰው ሳይንስ አዘዘኝ ብሎ ከኋላ ሊሸሸግ አይገባውም፤ እኔ ፈረድሁ ብሎ ስሙን ይፈርም።

ፍርድ ከሆነ ደግሞ የፍርድ ሥርዐት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ጥቅሙ የማን፥ ሸክሙስ የማን ነው የሚለው ነው። የሆድ ሕመም የጸናበት ሰው ሲቲ ስካን ሲነሣ 10 ሚሊ ሲቨርት ያህል ሊደርስበት ይችላል፤ ነገር ግን ሕመሙ ታውቆ የሚድነው እርሱ ራሱ ነው። የኑክሌር ሠራተኛ አደጋውን ዐውቆ፥ ሥልጠና ተቀብሎ፥ ደመወዝ እየተከፈለው ይሸከማል። ከጣቢያው አጠገብ የሚኖር ልጅ ግን አላወቀም፥ አልተጠየቀም፥ አልተከፈለውም። በመስፈሪያ ሲታይ ሚሊ ሲቨርቱ አንድ ነው፤ በኅሊና ሚዛን ግን ሦስቱ አንድ አይደሉም። ለሕዝብ 1፥ ለሠራተኛ 20 ተብሎ የተለያየ ወሰን የቆመው፥ ለታማሚ ደግሞ ቍጥር ሳይወሰን ለሐኪሙ ፍርድ የተተወው በዚህ ምክንያት ነው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንደሚባለው፥ ሌላው የሚሸከመውን አደጋ ጥቂት ነው ብሎ መናገር ለተናጋሪው ምንም አያስከፍልም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከወሰኑ በታች ስላለው ስፍራ ነው። ዓለም አቀፉ ኮሚሽን ወሰን አኑሮ ዝም አላለም፤ ከወሰኑ በታችም ቢሆን የኑሮና የኢኮኖሚ ሁኔታ እየታሰበ በአግባቡ ሊደረስበት እስከሚቻል ድረስ ጨረራው ዝቅ ይበል ብሎ መከረ። የ2025ቱ ትእዛዝ እንዲመረመር ያዘዘው ቀጥተኛውን መሥመር ብቻ ሳይሆን ይህንንም ደንብ ነው። የሚነቅፉት ሰዎች እውነት አላቸው፤ በብዙ ስፍራ በአግባቡ የሚለው ቃል ተረስቶ፥ ከተፈጥሮው መጠን ያነሰ ጨረራን ለማጥፋት ብዙ ገንዘብ ፈስሷል፤ ያ ገንዘብ በሌላ ስፍራ ብዙ ሕይወት ሊያድን ይችል ነበር። ነገር ግን ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ የተረሳውን ቃል መመለስ እንጂ ደንቡን መሠረዝ አይመስለንም። እንደዚሁም የመሥመሩን ስሌት ይዘው በጣም ጥቂቱን መጠን በሚሊዮን ሕዝብ እያበዙ ይህን ያህል ሰው ይሞታል የሚሉ አሉ፤ ኮሚሽኑ ራሱ በ2007 እንዲህ ያለው አቈጣጠር እንዳይደረግ አስጠንቅቋል። መሥመሩ የጥንቃቄ መሣሪያ ነው፤ የሬሳ መቍጠሪያ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ወሰኑ በምን ምክንያትና በማን ፊት ይለወጣል የሚለው ነው። በኤፕሪል 2011 የጃፓን መንግሥት በፉኩሺማ የትምህርት ቤት ሜዳዎች ላይ እስከ 20 ሚሊ ሲቨርት የሚደርስ የዓመት መጠን መለኪያ እንዲሆን ፈቀደ። ቍጥሩ ከየትም የመጣ አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ ኮሚሽን ለአደጋ ጊዜና ከአደጋ በኋላ ላለው ጊዜ ከሰጠው ምክር የተወሰደ ነበር። ነገር ግን ወላጆች ትናንት 1 ሲባል የሰሙትን ዛሬ 20 ሲባል ሰሙ፤ ያውም ስለ ልጆቻቸው። ተቃውሞው በርትቶ በሚቀጥለው ወር ሚኒስቴሩ በትምህርት ቤት ውስጥ ወደ 1 ለማውረድ እንደሚጥር አስታወቀ። እኛ እንደምናየው የወላጆቹ ቍጣ ከስሌቱ ጋራ አልነበረም። ወሰኑ የተለወጠው ልጆቹን ለመጠበቅ ነው ወይስ ትምህርት ቤቱ እንዲከፈት ነው ብለው ሲጠይቁ ግልጥ መልስ አላገኙም። የጠፋው እምነት ነበር፤ እምነት ከጠፋ በኋላ እውነተኛው ቍጥር ራሱ ውሸት ይመስላል።

በዚህ መለኪያ የአሜሪካውን ትእዛዝ ብናየው፥ ወሰኑ ይመርመር ማለቱ ብቻውን አያስነቅፈውም። ይኸው ኮሚሽን በ2015 የቀረበለትን መሥመሩን የመተው ልመና መርምሮ በ2021 አልተቀበለም፤ ያ ልመና ለመመርመርና ለመመለስ ስድስት ዓመት ፈጅቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ የወጡት ትልልቅ ጥናቶች ደግሞ ወደ ጥንቃቄው ያዘነበሉ ናቸው። ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው፤ መርማሪው ከመመርመሩ አስቀድሞ ሊደርስበት የሚገባው ውጤት በጊጋዋት ተቈጥሮ ቢሰጠው፥ ምርመራው ምርመራ ይባላልን? የኤሌክትሪክ ፍላጎት እውነተኛ ፍላጎት ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጢስም ሰው ይገድላል፤ ይህም በሚዛን ላይ ሊወጣ ይገባል። ነገር ግን ለብርሃን ስንል ይህን ያህል አደጋ እንሸከም ብሎ በግልጥ ተናግሮ ፈቃድ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ አደጋው ድሮም አልነበረም ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ድንበር መግፋት ነው።

እንዲህ በግልጥ መናገር ሕዝብን ያስደነግጣል የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን የሚያስደነግጠው ሰውን በማያውቀው ነገር ውስጥ ብቻውን መተው ይመስለናል። ለእናት፥ ይህ ራጅ ለልጅሽ የሚያመጣው አደጋ እጅግ ጥቂት ነው፥ ፈጽሞ የለም ግን አንልም፤ ሕመሙን ሳናውቅ ብንቀር የሚመጣው አደጋ ከዚህ ይበልጣል ብሎ የሚነግራት ሐኪም አያስደነግጣትም፤ ያከብራታል። እርስዋም ይህን ከሰማች በኋላ፥ ሥዕሉ በእርግጥ ያስፈልጋልን፥ ጨረራ የሌለበት ሌላ መንገድስ የለምን ብላ ብትጠይቅ፥ ሐኪሙ ሊቈጣ አይገባውም፤ ጥያቄዋ የሕክምናው አንድ ክፍል ነውና።

በአገራችንም ስለ ጨረራ ጥበቃ በየጊዜው ዐዋጅ ወጥቷል፤ ራጅና የጨረራ ሕክምናም በሆስፒታሎቻችን ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ የውሃ፥ የመድኃኒት፥ የምግብ፥ የመንገድ ጭነት ወሰን የሚጽፉ እጆች በየመሥሪያ ቤቱ አሉ። ባለ ሥልጣን የሆነ ሰው ቍጥሩን ከሌላ አገር መጽሐፍ ሲገለብጥ ከቍጥሩ በስተጀርባ ያለውን ፍርድም አብሮ ይመርምር፤ ጥቅሙ የማን፥ ሸክሙ የማን፥ የተጠየቀውስ ማን እንደ ሆነ በመዝገቡ ላይ ይጻፍ። መምህር ይህን ትምህርት ሲያስተምር ቍጥሩን ብቻ ሳይሆን ቍጥሩ እንዴት እንደ ተወለደ ያስተምር። ተማሪም የታወቀውንና የተፈረደውን ለይቶ መያዝን ይልመድ፤ ብዙ ክርክር የሚረዝመው እነዚህ ሁለቱ ስለሚቀላቀሉ ነውና።

የድንበር ድንጋይ ሊዛወር ይችላል። ወንዝ አቅጣጫውን ሲለውጥ፥ ርስት ሲከፈል፥ አዲስ ምስክር ሲገኝ ሽማግሎች እንደገና ተሰብስበው ያዛውሩታል። ነገር ግን በቀን ያዛውሩታል፤ ሁለቱንም ጎረቤቶች ጠርተው፥ ምክንያቱን ተናግረው ያዛውሩታል። የጥቂቱን ጨረራ ወሰን ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች ማዛወር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም።